ለበረዶ የተወለደው እና ከአቧራ የመጣው

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 ኮሎራዶ ውስጥ፣ አስፐን አጠገብ ባለው የባተርሚልክ ተራራ በተካሄደው ዊንተር ኤክስ ጌምስ አንድ አዲስ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረበ። መነሻው ላይ የተሰለፉት የሞቶክሮስ ሞተር ብስክሌቶች ነበሩ፤ ግን ከፊትም ከኋላም ጎማ አልነበራቸውም። በፊት ጎማቸው ፋንታ አንድ ስኪ፣ በኋላ ጎማቸው ፋንታ ደግሞ ጥርሳም የጎማ ሰንሰለት ተገጥሞላቸዋል። ካናዳዊው ብሮክ ሆየር አንደኛ ወጥቶ የወርቅ ሜዳልያውን ወሰደ። ከዚያ ቀን በፊት ይህን ዓይነት ማሽን የሚያውቁት በምዕራብ አሜሪካና በካናዳ ተራሮች የሚጋልቡ ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

በአውሮራ፣ በሚኒያፖሊስ ወይም በካልጋሪ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ግን በብርዱ ወራት ጎረቤቱ ፒክአፕ ላይ ተጭኖ አይቶት ይሆናል። ብስክሌት ነው እንዳይሉት ጎማ የለውም፤ ስኖውሞቢል እንዳይሉት ከፊት የተለመዱት ሁለቱ ስኪዎች የሉም። ይህ መሃል ሰፋሪ ማሽን በሁለት መንገድ ይገኛል። አንደኛው ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ለበረዶ የተሠራ፣ አንድ ስኪ ብቻ ያለው የበረዶ ሞተር ነው። ሁለተኛው በበጋ አቧራ ላይ የሚሮጥ ተራ ሞተር ብስክሌት ሆኖ፣ ብርዱ ሲመጣ ጎማዎቹ ወልቀው ወደ በረዶ የሚቀየር ነው። ቆም ብሎ ላያቸው ሁለቱ ወንድማማች ይመስላሉ። ሲጋልቧቸው ግን ልዩነታቸው ሰፊ ነው፣ ገዢውም የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው።

የበረዶ ሞተር ታሪክ ሲነሳ የኩቤኩ መካኒክ ጆሴፍ አርማን ቦምባርዲየ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1934 ክረምት የሁለት ዓመት ልጁ ታሞ፣ መንገዱ በበረዶ ስለተዘጋ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞተ። ቦምባርዲየ ከዚያ በፊትም በበረዶ ላይ የሚሄድ ተሽከርካሪ ይሞክር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሥራዬ ብሎ ያዘው። እ.ኤ.አ. በ1959 ገበያ ላይ ያዋለው ስኪ ዱ ከፊት ሁለት ስኪ፣ ከኋላ አንድ ሰንሰለት ያለው ቀላል ማሽን ሲሆን፣ ዛሬም ድረስ አብዛኞቹ ስኖውሞቢሎች ይህንኑ አሠራር ይከተላሉ።

አንድ ስኪም ቢሆን አዲስ ሐሳብ አይደለም። የቦምባርዲየ ኩባንያ አልፓይን የተባለው ሞዴል አንድ ስኪ ከፊት፣ ሁለት ሰፋፊ ሰንሰለት ከኋላ ነበረው። የሩሲያው ቡራንም እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ በሪቢንስክ የተመረተው በዚሁ አሠራር ነው። ቡራን የሳይቤሪያ አዳኞችና ዓሣ አጥማጆች የጭነት አገልጋይ ነው፤ ሁለቱ ሰንሰለቶቹ ስለሚሸከሙት ቆሞም አይወድቅም፣ ሲታጠፍም አያዘነብልም። ስለዚህ የስኪው ቁጥር ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ዋናው ጥያቄ ማሽኑ እንደ ሞተር ብስክሌት ወደ ጎን ተጋድሞ ይታጠፋል ወይ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ መኪና ሠሪው ክራይስለር ይህን በትንሹ ሞክሮት ነበር። ስኖ ራነር ያለው ማሽን አነስተኛ ሞተር ያለው፣ ተፈታትቶ በመኪና የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ የሚገባ ነበር። ጥልቅ በረዶ ውስጥ ግን አቅም አልነበረውም፤ ዛሬ የሰብሳቢዎች ዕቃ ሆኗል።

ሐሳቡን በቁም ነገር የያዘው የኩቤኩ ኩባንያ ኤ ዲ ቦዋቫን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ስኖው ሆክ የተባለ ማሽን ይዞ ብቅ አለ። አንድ ስኪ፣ አንድ ሰንሰለት፣ እንደ ሞቶክሮስ ቆመው የሚጋልቡት ቁመና፣ ከዚህ ሁሉ በታች ደግሞ እውነተኛ የስኖውሞቢል ሞተር። ሞተሩ ስኪ ዱም የሚጠቀምበት ሮታክስ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ በአየር ማራገቢያ የሚቀዘቅዙ ነበሩ፤ በኋላ 600 ሲሲ፣ በፈሳሽ የሚቀዘቅዝና ከመቶ ፈረስ ጉልበት በላይ ያለው መጣ። ማርሽ የለውም፣ ፍሪሲዮን የለውም። ኃይሉ በቺንጋ ነው የሚተላለፈው፤ ቺንጋው የሚዞርባቸው ሁለት ፑሌዎች እንደ ፍጥነቱና እንደ ጭነቱ ራሳቸው እየጠበቡና እየሰፉ ልኩን ይመርጣሉ። ጋላቢው ነዳጅ መስጠትና መተው ብቻ ነው ሥራው። ማሽኑ ወዳጆች አፈራ፤ ገበያው ግን ጠባብ ነበርና አምራቹ አልዘለቀም። ዛሬ ስኖው ሆክ የሚፈልግ ሰው ያገለገለ ነው የሚያገኘው።

ሁለተኛው መንገድ የተጠረገው በአይዳሆ ነው። ቱ ሞቶ የተባለው ድርጅት በዚሁ በ2000ዎቹ ውስጥ ለሞተር ብስክሌት የሚገጠም የስኪና የሰንሰለት ዕቃ ይሸጥ ጀመር። ሥራውን ያስፋፋው ግን የሳንድፖይንቱ ቲምበርስሌድ ነው። መሥራቹ አለን ማንገም አስቀድሞ የስኖውሞቢል ሰስፔንሽን ይሠራ ነበር፣ ስለዚህ ጥልቅ በረዶ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ማውንቴን ሆርስ ብሎ የሰየመው ዕቃ ገበያውን ያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ስኖውሞቢል ሠሪው ፖላሪስ ድርጅቱን ገዛው። ከካናዳም የቲ የተባለው ቀላል ተወዳዳሪ መጣ።

አገጣጠሙ ልዩ መሣሪያ ሳያስፈልገው በጋራዥ ውስጥ የሚያልቅ ነው። የፊት ጎማው ይወልቃል፤ በሹካው ጫፍ ላይ ስኪው በራሱ መያዣ ይታሰራል። ከኋላ ጎማው፣ የሚይዘው ሹካና አሞርዛተሩ ሁሉም ይነሳሉ። በእነሱ ቦታ የሰንሰለቱ ክፈፍ ይገባል። የሞተሩ ካቴና ቀድሞ ጎማውን ያዞር እንደነበረው፣ አሁን መሃል ላይ ያለ ዘንግ ያዞራል፤ ከዘንጉ ኃይሉ ወደ ሰንሰለቱ ይወርዳል። የሰንሰለቱ ዙሪያ ርዝመት በኢንች ይቆጠራል፦ 120፣ 129፣ 137። አጭሩ ይቀልላል፣ በዛፎች መካከልም በቀላሉ ይዞራል፤ ረጅሙ ከጥልቅ በረዶ በላይ ይንሳፈፋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገጥም ሰው ቅዳሜውን ሙሉ ይሰጠዋል፣ የለመደው በጥቂት ሰዓት ይጨርሰዋል።

እስካሁን ሲታይ ቀያሪው፣ ማለትም ወደ በረዶ የሚቀየረው ሞተር ብስክሌት፣ የሚያሸንፍ ይመስላል። በአንድ ሞተር ሁለት ወቅት መጋለብን ማን ይጠላል? ችግሩ ያ ሞተር የተሠራው ለሙቀት መሆኑ ነው።

የሞቶክሮስ ሞተር በበጋ አቧራ ውስጥ እንዳይግል ነው የተነደፈው። ራዲያተሮቹ ከፊት ተገልጠው ነፋሱን ይቀበላሉ፣ ብዙዎቹ ቴርሞስታት የሚባል ነገር የላቸውም። ያንን ሞተር ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ውስጥ ይዘውት ሲወጡ፣ በረዶው ራዲያተሩ ላይ እየተረጨ ሞተሩ ፈጽሞ አይሞቅም። ያልሞቀ ሞተር ውስጥ የገባ ቤንዚን በሙሉ አይቃጠልም፤ ከፊሉ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። እርጥበቱም ስለማይተን ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ሰው ሰንሰለቱን ከመግዛቱ በፊት ቴርሞስታት የሚገጥመው፣ ራዲያተሩን በከፊል የሚሸፍነው፣ ሞተሩንም እንደ ብርድ ልብስ በሚያሞቅ ሽፋን የሚጠቀልለው። የአየር ማስገቢያውም ሌላ ጣጣ ነው። የተረጨው በረዶ ማጣሪያው ላይ ከረጋ ሞተሩ ይታፈናል፤ ስለዚህ የአረፋው ማጣሪያ ወጥቶ በረዶን በሚከለክል ወንፊት ይተካል። የነዳጅ ታንኩ ለአጭር ውድድር የተሠራ ነውና ቶሎ ያልቃል፤ ተጨማሪ ታንክ ይታሰርበታል። ይህ ሁሉ ወጪ በማስታወቂያው ዋጋ ላይ አይታይም።

ስኖው ሆክን ይህ አያስጨንቀውም። ሞተሩ ሲወለድም በብርድ ነው የተወለደው።

ከፍታውም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። በ3,000 ሜትር ላይ እንግዲህ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው ይሄዳል፤ አሮጌ መኪና ይዞ እንጦጦን የወጣ ሰው ነገሩን በእግሩ ያውቀዋል። ከሃምሳ ፈረስ ጉልበት ትንሽ አለፍ የሚል የ450 ሲሲ ሞተር በሮኪ ተራሮች አናት ላይ ከአርባ በታች ሆኖ፣ ጎማ ሳይሆን ከባድ ሰንሰለት ያዞራል። መቶ ያለው ስኖው ሆክም በዚያው መጠን ይቀንሳል፣ ግን የሚቀረው ይበቃዋል። በዚህ ላይ የማርሹ ጉዳይ አለ። ጥልቅ በረዶ ውስጥ ዳገት እየወጡ ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን የተጫነ ሰው፣ በረዶው በቅጽበት ፍጥነቱን ይወስድበታል። ስለዚህ ጋላቢው ዳገቱ ሥር ሆኖ ማርሹን መርጦ፣ እስከ ላይ በዚያው መውጣት አለበት። ቺንጋው ይህን ሁሉ ራሱ ይሠራዋል። የቺንጋው ኃጢአት በሌላ በኩል ነው፦ ይግላል፣ ይበጠሳል፤ ትርፍ ሳይዝ የሚወጣ የለም።

ሰፊው ስኖውሞቢል በማይገባበት ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ግን ሁለቱም ይሸሎካሉ፤ በተራራ ጎን ላይ አግድም መሄድም ለሁለቱም ቀላል ነው፣ ማሽኑ ወደ ዳገቱ ትንሽ ከተጋደመ በቂ ነው። ስኖውሞቢል ላይ ይህንኑ ለማድረግ ጋላቢው አንዱን ስኪ ከበረዶው አንስቶ፣ ማሽኑን በክብደቱ ሲታገል መዋል አለበት። ማሽኖቹን ጥሩ በረዶ ላይ ያየ ሰው ለምን ሰው እንደሚያብድላቸው ይገባዋል።

ሁለቱም ጋላቢያቸውን የሚያሳፍሩት በጠጠረ መንገድ ላይ ነው። ጠንካራ በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ነጠላው ስኪ የሌላውን ተሽከርካሪ ዱካ እየተከተለ ወዲያና ወዲህ ይወላወላል። ስኪ ፍሬን ስለሌለው የሚያቆመው የሰንሰለቱ ፍሬን ብቻ ነው፤ ከሞተር ብስክሌት የመጣ ሰው ጣቱ የፊት ፍሬኑን ሲፈልግ ይቆያል። ቀያሪው የኋላ ማርሽም የለውም፤ አፍንጫው ዛፍ ጋር ከደረሰ ወርዶ መጎተት ነው። ደግነቱ ከትልቅ የተራራ ስኖውሞቢል እጅግ ስለሚቀልል አንድ ጠንካራ ሰው ብቻውን ጎትቶ ያወጣዋል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ዕቃው ብቻውን ከአምስት ሺህ ዶላር በላይ ሲያስወጣ፣ አዲስ የ450 ሲሲ ሞቶክሮስ ደግሞ ወደ አሥር ሺህ ይጠጋል። ሁለቱ ተደምረው የጥሩ ስኖውሞቢል ዋጋ ናቸው። ስለዚህ ሞተሩ በቤቱ ለሌለው ሰው ቀያሪው ርካሽ ነው የሚለው ወሬ አይሠራም። ሞተሩ ላለው ግን ሒሳቡ ይገለበጣል።

መለዋወጫው ላይ ሲደረስ ነገሩ ይከብዳል። የስኖው ሆክ ሞተር ሮታክስ በመሆኑ የሞተሩ ዕቃ ከስኪ ዱ ገበያ ይገኛል፤ ክፈፉ፣ የስኪው መያዣና የሰስፔንሽኑ ክፍል ግን ከሌላ ሰው የድሮ ማሽን ካልተፈታ በቀር የሚመጣበት የለም። ቀያሪዎቹም ዋስትና የላቸውም። ፖላሪስ ራሱ ቲምበርስሌድን ከያዘ ዓመታት በኋላ ከዚህ ሥራ ለመውጣት ወስኗል። ሌላው ስኖውሞቢል ሠሪ አርክቲክ ካት ደግሞ ሁለቱን መንገዶች ለማስታረቅ ኤስ ቪ ኤክስ 450 የተባለ፣ ማርሽ ያለው ነገር ግን ከፋብሪካው ለበረዶ ብቻ የተሠራ ማሽን እ.ኤ.አ. ለ2018 አቅርቦ ነበር፤ ብዙ አልቆየም። ልዩነቱ የቀያሪው አምራች ቢዘጋም ሞተር ብስክሌቱ ሞተር ብስክሌት ሆኖ መቅረቱ ነው። ጎማዎቹ ተመልሰው ይገቡና በግንቦት ይሮጣል። ወላጁን ያጣ ስኖው ሆክ በግንቦት ምንም አይሠራም።

በዚህ ምክንያት ለአብዛኛው ሰው የሚመከረው ቀያሪው ነው፤ በተለይ በጋውንም ለሚጋልብ። ስኖው ሆክ የሚገባው እጁ መፍቻ ለለመደ፣ ከፍ ባለ ተራራ ለሚኖር፣ አንድ ነገር ሲሰበር ሌላ ቀፎ ፈልጎ ለማውጣት ለማይሰለች ሰው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በርካሽ የሚያገኘው ያን ያህል ጉልበት ያለውና የሚጋደም ሌላ ማሽን የለም።

የቱንም ቢመርጥ፣ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1964ቱ ሕግ ዊልደርነስ ተብለው በተከለሉ ቦታዎች ሞተር መግባት ክልክል ነው። ማሽኖቹ ገደላማውን ቦታ ስለሚያቀልሉ የበረዶ ናዳ ካለበት ያደርሳሉ፤ ስለዚህ ጠቋሚ መሣሪያ፣ መውጊያ ዘንግና አካፋ እያንዳንዱ ጋላቢ በራሱ ላይ ይይዛል፣ ጓደኛ ጋር አለ ማለት አይበቃም።

ያገለገለ ቀያሪ ሲገዛ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ ሞተሩ ስንት ሰዓት ሠራ የሚለው ነው፤ የሞቶክሮስ ሞተር ዕድሜው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ነው የሚቆጠረው፣ በበረዶ ላይ ደግሞ ነዳጁ እስከ መጨረሻ ተከፍቶ ነው የሚውለው። ቀጥሎ ቴርሞስታቱ ከመጀመሪያው ነበረ ወይስ ትናንት ለሽያጭ ተገጠመ ብሎ መጠየቅ፣ የዘይቱን ክዳን ከፍቶ ቤንዚን ይሸት እንደሆነ ማየት ይገባል። በመጨረሻም የወለቁት ጎማዎች፣ የኋላው ሹካና አሞርዛተሩ የት እንዳሉ ይጠየቅ፤ ሻጩ የጣላቸው ከሆነ ዋጋው በዚያው ልክ መውረድ አለበት።