ሎሚ ውሃ አያጠራም

መጋቢትና ሚያዝያ ፀሐዩ ሲበረታ፣ ከሰቆጣ ገበያ በእግሩ የተመለሰ ሰው አንድ ጣሳ የሎሚ ውሃ በማር ቢያገኝ ነፍሱ መለስ ትላለች። ማሩስ የዋግ ነጭ ማር ነው፤ ማን ይተካከለዋል! ችግሩ ውሃው ላይ ነው።

ሎሚ ከተጨመቀበት ውሃው ይጠራል የሚሉ አሉ። እኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ስሕተት ነው። የሎሚ ኮምጣጣነት በወንዝ ውሃ ውስጥ ያለውን የተቅማጥ ጀርም ሁሉ አይገድልም። የሚገድለው እሳት ነው።

ውሃውን በንጹሕ ነጠላ አጥልላችሁ አፍሉት። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ትበልጣለች። ከፍ ባለ አገር አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይሞቅ፣ በ93 ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ እሳት ላይ ይቆይ። ሰዓት የሌለው ቀስ ብሎ እስከ 200 ይቁጠር፤ የቁጥር ትምህርታችንም አይረሳም።

ከዚያ በታጠበ እንስራ ገልብጣችሁ፣ ከድናችሁ ጥላ ሥር አስቀምጡት። እንስራ የሚያልበው ለምን ይመስላችኋል? ውሃው በሸክላው ሰርጎ ወጥቶ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ የቀረው ይቀዘቅዛል።

ለ1 ሊትር ውሃ 3 ሎሚና 4 የሾርባ ማንኪያ ማር ይበቃል። ማሩን እንደ ብርዝ በጥብጡት፣ ሎሚውን ጭመቁበት፣ በዕለቱ ጠጡት።

ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥ፤ ለከባድ መመረዝ ሊያጋልጠው ይችላል። ተቅማጥ ለያዘው ልጅም ይህ መጠጥ አይሆንም። ከጤና ኬላ የሚሰጠው ዱቄት ከሌለ፣ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ ትንሽ ትንሽ አጠጡት። ማንኪያው አይቆለል። ጨው ከዚህ ከበዛ ልጁን ይጎዳል።