የበዓል ጨዋታ ከበዓሉ ጋር እንዳያልፍ
የአረጋውያን የሕይወት ወግ ጸሐፊ ይሻል



የረመዳን ጾም ተፈጽሞ የሸዋል ወር ጨረቃ ስትታይ የበዓሉ ዝግጅት ይፋጠናል። ማለዳ የዒድ ሶላት ይሰገዳል፤ የተቸገረ ይታሰባል፤ የተቀያየመ ይታረቃል፤ ከዚያም ዘመድ ከዘመዱ ይጠያየቃል። በዚህ ዕለት እግር የሚበዛበት ቤት አረጋዊ ያለበት ቤት ነው። ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ጎረቤትና አማች ተሰባስቦ፣ ማዕዱ ተነሥቶ ሆጃው ከቀረበ በኋላ ጨዋታ ይጀመራል። የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚሁ ጨዋታ ላይ ነው፤ ይልቁንም ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በጨዋታው መካከል ስለ ገዛ ሕይወታቸው ጣል በሚያደርጉት ወግ ላይ።

ተረት በሥርዓት ይጀመራል። በአማርኛ «ተረት ተረት» ሲባል «የመሠረት» ተብሎ ይመለሳል። ኦሮምኛ ተናጋሪው «ዱሪ ዱሪ» ብሎ ይነሣል። በሶማሊኛ «ሼኮ ሼኮ» ሲባል አድማጩ «ሼኮ ሐሪር» ይላል፤ የሐር ተረት እንደ ማለት ነው። የገዛ ሕይወት ወግ ግን እንዲህ ያለ የክብር መግቢያ የለውም። ስለ ገበያ ወይም ስለ ዝናብ ሲወራ፣ ድንገት «እኔ እኮ አንድ ጊዜ» ተብሎ ይገባል። ቤተሰቡ ይስቃል፤ አንዳንዴም ዝም ይላል፤ ወሬውም ወደ ሌላ ያልፋል። መግቢያ ስለሌለው ቁም ነገር አይመስልም፤ ቁም ነገር ስለማይመስልም የሚጽፈው አይገኝም። የነገሥታቱ ታሪክ በዜና መዋዕል ሲሰፍር፣ ተረቱም በመማሪያ መጻሕፍት ሲገባ፣ የተራው ሰው ሕይወት ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይቀበራል።

ቢዮ አዋሌና የመሰሏት መንደሮች

ቢዮ አዋሌ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ከሚገኙት የገጠር ቀበሌዎች አንዷ ናት። «ቢዮ» በሶማሊኛ ውሃ ማለት ነው፤ ውሃ ብርቅ በሆነበት አካባቢ ስሟ ብቻውን አንድ ታሪክ ይናገራል። በድሬዳዋ ዙሪያ ባለው ገጠር ኦሮምኛና ሶማሊኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። ሕዝቡ ማሽላ እያመረተ፣ ከብትና ፍየል እያረባ ይኖራል፤ ለመሸጥም ሆነ ለመሸመት ወደ ከተማው ገበያ ይወርዳል።

እንዲህ ያሉ መንደሮች በታላላቅ የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ሰፊ ሥፍራ አልተሰጣቸውም። ይሁን እንጂ የአካባቢው አረጋውያን ያዩትንና ከወላጆቻቸው የሰሙትን ብንቆጥር መጽሐፉን የሚሞላ ነው። የምድር ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነበር፤ ከተማይቱም የተቆረቆረችው በዚሁ ምክንያት ነው። በ1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ገባ። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር እስከ ድሬዳዋ ደርሶ ውጊያ ተደረገ። በ1977 ዓ.ም. አገር ያወቀው ድርቅ ሆነ። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. የዴቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ።

እነዚህ ዓመታት በመዝገብ ሰፍረዋል፤ የሚጠፉም አይደሉም። በመዝገብ የማይገኘው ሌላ ነው። ተኩሱ በተሰማበት ዕለት በየጎጆው ምን ተጥዶ ነበር? ጎርፉ በመጣበት ሌሊት ማን የጎረቤቱን ልጅ አዝሎ ወጣ? ማንስ በድንጋጤ ገንዘቡን ትቶ ባዶ ምጣድ ተሸክሞ ሮጠ? ምጣዱን ይዞ የሮጠው ሰው ዛሬ በዚያ ነገር ይሳቅበት ይሆናል፤ ራሱም አብሮ ይስቅ ይሆናል። ከሣቁ በስተኋላ ግን ያ ሌሊት አለ። ምጣዱ ከተረሳ ሌሊቱም ቁጥር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከአባት አንደበት ወደ ልጅ ብዕር

እንዲህ ያለው ወግ መጽሐፍ ሊሆን እንደሚችል ለማሳየት ምሳሌውን ከሩቅ አናመጣም። ከድሬዳዋ ሽቅብ ተወጥቶ በሚደረስባት በሐረር ከተማ የልጅነት ትምህርታቸውን የቀሰሙት ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት መንግሥቱ ለማ በሕዝብ ዘንድ ይበልጥ የሚታወቁት «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» በተባሉት አስቂኝ ተውኔቶቻቸው ነው። ሆኖም ከሥራዎቻቸው መካከል ከፍ ያለ ግምት ከሚሰጣቸው አንዱ እርሳቸው የፈጠሩት ሳይሆን ያደመጡት ነው።

አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ። ልጃቸው እንግሊዝ አገር ተምረው ከተመለሱ በኋላ፣ የአባታቸውን ትዝታ በድምፅ መቅረጫ እየቀዱ ወደ ጽሑፍ መለሱት። «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ ወልደ ታሪክ» በሚል ርእስም በ1959 ዓ.ም. ታተመ። በመጽሐፉ ውስጥ የአብነት ተማሪው መንከራተት፣ የመምህራኑ ጠባይ፣ የመኳንንቱና የነገሥታቱ ነገር፣ የታየውና የተሰማው ሁሉ፣ አንድ አዛውንት በቤቱ ተቀምጦ እንደሚያወጋ ሆኖ ይወርዳል።

የዚህ ሥራ ዋና ብልሃት ልጅየው ያላደረጉት ነገር ነው። የአባታቸውን አነጋገር ወደ ቢሮ አማርኛ አልለወጡም። ጨዋታው ከመንገድ ወጣ ብሎ ሲመለስ፣ አብሮ ወጥቶ አብሮ ይመለሳል። ሣቁን «ለታሪክ አይመጥንም» ብለው አልጣሉትም። በዚህም ምክንያት መጽሐፉን የሚያነብ ሰው የሚያነብ ሳይሆን የሚያዳምጥ ይመስለዋል። የታሪክ ተመራማሪዎችም የዘመኑን ኑሮ ለማስረዳት ይጠቅሱታል።

አለቃ ለማ የአብነት ትምህርት ቤት ሰው ናቸው። የቢዮ አዋሌ አረጋዊ ግን ያደገው በቁርኣን ቤት ሊሆን ይችላል። እምነቱና ቋንቋው ይለያይ እንጂ የወጉ ባሕርይ አንድ ነው። ቅኔ ፍለጋ ደብር ለደብር የዞረው የቆሎ ተማሪና ኪታብ ለመቅራት ከአንድ ሸይኽ ወደ ሌላው የተጓዘው ደረሳ በአንድ መድረክ ቢገናኙ፣ ስለ ረኀቡ፣ ስለ ውሻው፣ ስለ መምህሩ ቁጣና ስለ ደጓ ባልቴት የሚያወሩት ብዙ የሚለያይ አይመስለንም። የአንደኛው ትዝታ ታትሞ ለትውልድ ደረሰ። ለሁለተኛው የሚያስፈልገው እንደ መንግሥቱ ለማ ያለ ልጅ ነው።

ሣቅና ኀዘን በአንድ ወግ

የሕይወት ወግን የሚጽፍ ሰው ሣቁን ካንዱ ምዕራፍ፣ ኀዘኑን ከሌላው ምዕራፍ ለይቶ ማስቀመጥ ያምረዋል። የአረጋውያኑ አነጋገር ግን እንዲህ አይደለም። የሚያስቀው ነገር ራሱ ወደሚያሳዝነው ያደርሳል። በራሱ ላይ የሚስቅ ተናጋሪ የሚደብቀው ነገር ጥቂት ነው፤ ራሱን የሚያመሰግን ተናጋሪ ግን ብዙ ይሸፍናል። ስለዚህ ቀልዱ የወጉ ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን የእውነተኛነቱ ምልክትም ነው።

በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሥራም ይኸው ቅርበት ይታያል። እኒህ ሰው «ፋቡላ» በተባለው ቀልደኛ ተውኔታቸው ለኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር በር የከፈቱ፣ በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ የጨርጨርም ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩ ናቸው። በልጅነታቸው ሐረር ገብተው፣ ከራስ መኰንን ሠራዊት ጋር ዓድዋ ዘምተው፣ ከዚያም ለትምህርት ሩሲያ ሄደዋል። ስለ ራሳቸው የጻፉት ግለ ታሪክ ግን ለኅትመት የበቃው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ እርሳቸው ካረፉ ሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው። የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የዘመን ትዝታም በዚያው በ1999 ዓ.ም. ከእጅ ጽሑፍ ወደ መጽሐፍ ተሸጋገረ። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» በ1985 ዓ.ም. ደራሲው በሕይወት ሳሉ መታተሙ መታደል ነው። መንግሥቱ ለማ ራሳቸው በ1980 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ግለ ታሪካቸው «ደማሙ ብዕረኛ» ወደ አንባቢ እጅ የገባው በ1988 ዓ.ም. ነበር።

እንግዲህ ብዕር ጨብጠው የኖሩት ሰዎች ትዝታ ይህን ያህል ከዘገየ፣ ብዕር ያልጨበጡት ዕጣ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። የእነርሱ የእጅ ጽሑፍ የለም። በሣጥን ተቀምጦ የሚቆይ ነገር አልተዉም። ያላቸው ቃላቸው ብቻ ነው።

ዓመቱ የማይታወቅ ዘመን

ብዙ ጊዜ ጸሐፊውን ተስፋ የሚያስቆርጠው «መቼ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መጥፋቱ ነው። አረጋዊው የተወለዱበትን ዓመት ላያውቁ ይችላሉ። ይህ ግን መፍትሔ አለው። «ጎርፉ በመጣበት»፣ «በሶማሊያ ጦርነት»፣ «በድርቁ ዓመት» የሚሉት አነጋገሮች ራሳቸው የዘመን ምልክቶች ናቸው።

የበዓሉ አቆጣጠርም ይረዳል። የሒጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያንስ ረመዳን በየወቅቱ ይዞራል፤ ወደ ተነሣበት ወቅት ለመመለስም 33 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ረመዳን በሐምሌ ወር የገባው በ1939፣ በ1972 እና በ2005 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ አንዲት እናት «የተዳርኩት ረመዳን ከክረምቱ ጭቃ ጋር በገጠመ ጊዜ ነው» ቢሉ፣ ዕድሜያቸውን ገምቶ ከሦስቱ አንዱን መምረጥ አይከብድም። እርሳቸው የሚያስታውሱት ጭቃውን፣ የረከሰውን የሙሽራ ልብስና የእንግዶቹን ሣቅ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን ፈልጎ ከጎኑ ማስፈር የጸሐፊው ሥራ ይሆናል።

የተናጋሪው ቋንቋ ይጠበቅ

ሌላው ጉዳይ ቋንቋ ነው። የድሬዳዋና የአካባቢዋ ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አማርኛን፣ ኦሮምኛን፣ ሶማሊኛንና ሐረሪኛን ሲያቀላቅል ይሰማል፤ ባቡሩ ያመጣው ፈረንሳይኛም «ለገሃር» በሚለው ቃል ይታወሳል። ታላቁን «አንተ» ማለቱም በሌላው አገር ድፍረት ቢመስልም፣ በድሬዳዋ የቅርበት ምልክት ነው። ይህን ሁሉ አስተካክላለሁ ብሎ የሚነሣ ጸሐፊ ወጉን ሳይሆን ሰውየውን ያጠፋዋል።

ወጉ የተነገረው በኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ከሆነም በሶማሊኛ ቢጻፍ ይመረጣል፤ ትርጉሙ ኋላ ይደርሳል። ሶማሊኛ በላቲን ፊደል መጻፍ የጀመረው በ1965 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኦሮምኛም ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በቁቤ ይጻፋል። ዛሬ ትምህርት ቤት ያለው የልጅ ልጅ፣ አያቱ በዘመናቸው ያላገኙትን መሣሪያ ይዟል። በአፍ መፍቻው መጻፍ ይችላል፤ በኪሱ የያዘው ስልክም አቶ መንግሥቱ ከተጠቀሙበት የድምፅ መቅረጫ የቀለለ ነው።

አደራው የማን ነው?

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙትን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ እንዲሆን አስበው ነበር። ዛሬ ማስታወሻውን የመጻፉ ተራ የልጆቹ ሆኗል።

ነገር ግን አደራው ሥነ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ሳያውቁት የተቀዳ አረጋዊ ተከብሯል አይባልም። «የሕይወት ታሪክዎን ይንገሩኝ» ከማለት ይልቅ አንድ ትንሽ ነገር መጠየቅ ይበልጣል፤ የመጀመሪያው ጫማ ምን ይመስል ነበር? ከተማ ወርደው መጀመሪያ የጠፉት የት ሠፈር ነው? ተናጋሪው ዝም ሲሉ ዝም ማለት ይገባል፤ ከሣቅ በኋላ የምትመጣው ዝምታ ብዙ ጊዜ ዋናውን ነገር ታስከትላለችና። የተጻፈው ተመልሶ ይነበብላቸው፤ «ይህን አውጣው» ካሉም ይውጣ። የጎረቤትን ገመና የሚገልጥ ወግ ቢያስቅም ለኅትመት አይሆንም። ወጉ የጸሐፊው ሳይሆን የባለቤቱ ነው።

እንዲህ ከተሠራ ከአንድ ቀበሌ፣ ከቢዮ አዋሌም ጭምር፣ ሃያና ሠላሳ ወግ ያለው አንድ መድበል ማዘጋጀት ይቻላል ብለን እናምናለን። ትልቅ ማተሚያ ቤት ባይገኝ እንኳ በደብተር ተጽፎ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሊቀመጥ ይችላል፤ የሚያነቡት ልጆች የጽሑፉን ባለቤቶች በስም ያውቋቸዋልና።

ውድ አንባብያን፣ በዛሬው ዒድ ከምትጠይቋቸው አረጋውያን መካከል በሚቀጥለው ዒድ የማናገኛቸው ይኖራሉ። ስጦታ ይዘን እንደምንሄድ ሁሉ አንድ ጥያቄም ይዘን እንሂድ። «እኔ እኮ አንድ ጊዜ» ሲሉ፣ ወሬውን ወደ ሌላ አናሳልፈው፤ «ከዚያስ?» እንበላቸው።

መልካም በዓል!