የቃል ተግባቦት ሞዴሎች

የቃል ተግባቦት ሰዎች በሚነገር ቋንቋ አማካኝነት መልእክት የሚለዋወጡበት ሂደት ነው። ፊት ለፊት የሚደረግ ጨዋታ፣ የስልክ ጥሪ፣ ስብከት፣ የክፍል ትምህርትና የሬዲዮ ንግግር በዚህ ሥር ይመደባሉ። ሂደቱን ለማስረዳት የተሠሩ ሞዴሎች ብዙ ቢሆኑም አብዛኞቹ ላኪ፣ መልእክት፣ መስመር፣ ተቀባይ፣ ግብረ መልስ፣ ጫጫታና አውድ የሚባሉትን ክፍሎች በተለያየ መልክ ያቀናጃሉ።

መስመራዊው ሞዴል

በሰፊው የሚታወቀው ሞዴል የመጣው ከቋንቋ ጥናት ሳይሆን ከምህንድስና ነው። ክላውድ ሻነን በአሜሪካ ቤል ላብራቶሪ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጽሑፍ ተግባቦትን የመረጃ ምንጭ፣ አስተላላፊ፣ መስመር፣ ተቀባይ መሣሪያና መድረሻ በሚሉ አምስት ክፍሎች ገለጸ። ምልክቱን የሚያዛባ ማንኛውም ነገር ጫጫታ ይባላል። በ1949 ከዋረን ዊቨር ማብራሪያ ጋር በመጽሐፍ ስለወጣ ሞዴሉ በሁለቱም ስም ይጠራል። በንግግር ምንጩ የተናጋሪው አእምሮ፣ አስተላላፊው የድምፅ አካላቱ፣ መስመሩ አየር፣ ተቀባዩ የአድማጩ ጆሮ ነው።

ሞዴሉ ትርጉምን ረስቷል ተብሎ በተደጋጋሚ ይተቻል። ሻነን ግን የመልእክቱ ትርጉም ለምህንድስናው ጥያቄ እንደማያስፈልግ ራሱ ጽፏል፤ ስለዚህ ጉድለቱ ለሌላ ዓላማ የተሠራውን ሥዕል ለሰው ንግግር ሁሉ ከማዋል የመጣ ነው ማለት ይቀላል።

በአማርኛ «ገና» ተብሎ ሲጻፍ በዓሉም፣ «ገና አልመጣም» ሲባል ያለውም ቃል አንድ ናቸው። ሲነገሩ የሚለዩት «ና» በመጥበቁና በመላላቱ ነው። የስልክ መስመር ሲቆራረጥ እንዲህ ያለው ጥቃቅን ልዩነት ሊጠፋ ይችላል፤ አድማጩም የጎደለውን ከአውዱ ይሞላል።

ግብረ መልስና የልምድ መስክ

ዊልበር ሽራም እ.ኤ.አ. በ1954 ተግባቦትን እንደ ክብ አድርጎ አቀረበ። ተቀባዩ ተርጉሞ መልስ ሲሰጥ እሱም በተራው ላኪ ይሆናል። ሁለቱ የሚግባቡት የልምድ መስካቸው በሚገናኝበት ልክ ነው። ሰምና ወርቅን ያልለመደ አድማጭ ቃሉን በሙሉ ሰምቶ ወርቁን ሊያጣ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ግብረ መልስ ቃል መሆን የለበትም። ኢትዮጵያውያን ሲያዳምጡ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበው የሚያሰሟት አጭር ድምፅ «እየሰማሁ ነው፣ ቀጥል» ማለት ናት። ዲን ባርንለንድ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው ሞዴልም በዚህ ላይ ያተኩራል፤ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ ይልካሉ፣ ይቀበላሉም።

የቴነሪፍ አደጋ

መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977) በስፔን የካናሪ ደሴቶች፣ በቴነሪፍ አየር ማረፊያ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። አንዱ የኬኤልኤም፣ ሌላው የፓን አም ነበር። በጭጋጉ ምክንያት አብራሪዎቹም ሆኑ ተቆጣጣሪው እርስ በርስ አይተያዩም ነበር፤ የነበራቸው መስመር ሬዲዮ ብቻ ነው።

የኬኤልኤም ረዳት አብራሪ የበረራ መስመር ፈቃዱን መልሶ ካነበበ በኋላ «አሁን መነሳት ላይ ነን» የሚል አሻሚ አነጋገር ጨመረ። ተቆጣጣሪው ለመነሳት ተዘጋጅተው ቆመዋል ብሎ ተረዳውና «እሺ» አለ፤ አውሮፕላኑ ግን መንደርደር ጀምሮ ነበር። ተቆጣጣሪው ቀጥሎ እንዲጠብቁ ሲነግር፣ የፓን አም አብራሪዎች ደግሞ ገና ማኮብኮቢያው ላይ መሆናቸውን በዚያው ቅጽበት ተናገሩ። ሁለቱ ንግግሮች በአንድ የሬዲዮ ሞገድ ላይ ተደራርበው በኬኤልኤም ክፍል ውስጥ የሚጮህ ድምፅ ፈጠሩ። በግልጽ የተሰማው «እሺ» ብቻ ሆነ።

ይህ እስከዚህ ድረስ የሻነን ጫጫታ ነው። የቀረው ግን በእሱ ሥዕል ውስጥ አይገኝም። የኬኤልኤም የበረራ መሐንዲስ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ሌላው አውሮፕላን ገና አልወጣ እንደሆነ ጠየቀ። ጥያቄው በትክክል ተሰምቷል፤ በአየር መንገዱ ትልቅ ስም የነበራቸው ዋና አብራሪ ወጥቷል ብለው መለሱ፣ ደግሞ የተከራከረ አልነበረም።

ከአደጋው በኋላ በሬዲዮ «መነሳት» የሚለው ቃል የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር፣ በሌላ ጊዜ ሌላ ቃል እንዲተካው ተደረገ። በኮክፒት ውስጥ የበታች ባልደረባ ስጋቱን በግልጽ እንዲናገር፣ አለቃውም እንዲያዳምጥ የሚያስተምር ሥልጠናም ተስፋፋ። ዛሬ አብራሪ የማኮብኮቢያ ፈቃድን በ«እሺ» ብቻ አያልፍም። ፈቃዱን ቃል በቃል መልሶ ይናገራል፤ ከተሳሳተ ተቆጣጣሪው ወዲያው ያርመዋል።