ቤንዚን ያነሰው ሞተር፤ ከመለወጥ በፊት መመርመር

ጧት ሲነሣ የሚንቀጠቀጥ፣ ቤንዚን ሲረገጥለት የሚያመነታ፣ ዳገት ላይ ጉልበት የሚያጣ አውቶሞቢል ይዞ በገርጂ፣ በመገናኛ ወይም በሲ.ኤም.ሲ. አካባቢ ወደ አንድ ጋራዥ የሚገባ ባለንብረት ብዙ ጊዜ የሚሰማው የመጀመሪያ ምክር «ካንዴላ ለውጥ»፣ ቀጥሎም «ፖምፓ ለውጥ» የሚል ነው። ዕቃው ተገዝቶና ተለውጦ ሕመሙ ያልለቀቀ እንደ ሆነ ገንዘቡም ጊዜውም በከንቱ ይጠፋል። በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከወሰነ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን የቤንዚን ሞተር በጤና ማቆየት ለታክሲ ባለንብረትም ሆነ ለነጋዴ ዋና ጉዳይ ሆኗል።

በመሠረቱ ሞተር የሚሠራው በቤንዚንና በአየር ድብልቅ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ለመንደድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ከዚህ ልክ ሲበዛ ወይም ቤንዚኑ ሲያንስ ድብልቁ ቀጠነ ይባላል። ቀጭን ድብልቅ ቤንዚን የሚቆጥብ የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን ከመጠን በላይ የቀጠነ ድብልቅ ቀስ ብሎ ስለሚነድ ጉልበት ይቀንሳል፣ ሞተሩንም ያግላል፤ ሳይታረም ከቆየ ቫልቮና ፒስተን እስከ ማቃጠል ሊደርስ ይችላል።

የከተማችን ከፍታም በዚህ ነገር ድርሻ አለው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ስለሆነም ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራተር ያለው አሮጌ አውቶሞቢል እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል። መካኒኩ ለአዲስ አበባ አየር ቤንዚኑን ከቀነሰለት በኋላ ግን፣ ይኸው አውቶሞቢል ወደ አዳማ፣ ይልቁንም 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳላት ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ፣ አየሩ ስለሚወፍር ድብልቁ ይቀጥንበታል። ቆላ ለመውረድ ያሰበ ሰው ይህን አስቀድሞ ማስተካከል አለበት። በኮምፒዩተር የሚመራ ሞተር ግን ለከፍታው በራሱ ስለሚስተካከል፣ ድብልቁ ቢቀጥንበት ጥፋቱ የአየሩ ሳይሆን የዕቃው ነው።

የቀጭን ድብልቅ ምልክቶች የታወቁ ናቸው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላል፤ ፔዳሉ ድንገት ሲረገጥ ያመነታል፤ አልፎ አልፎም በአየር ማስገቢያው በኩል መልሶ ይተኩሳል። ካንዴላው ሲፈታ ጫፉ እንደ ኖራ ነጥቶ ይገኛል፤ የጤናማው ሞተር ካንዴላ ግን ፈካ ያለ ቡናማ ነው።

የመመርመሪያው መሣሪያ «ፒ 0171» የሚል ቁጥር ሲያወጣ ድብልቁ ቀጥኗል ማለቱ ነው እንጂ እገሌ የተባለው ዕቃ ተበላሽቷል ማለቱ አይደለም። ቁም ነገሩ ኮምፒዩተሩ ጉድለቱን ለመሙላት የጨመረውን ቤንዚን በመቶኛ ማንበብ ነው፤ ጭማሪው ከ10 ከመቶ ካለፈ ያሳስባል። ይህ ቁጥር መጀመሪያ በሚኒሞ፣ ቀጥሎም ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ጊዜ ሲዞር ይነበባል። በሚኒሞ በዝቶ በ2,500 የሚቀንስ ከሆነ፣ አየር የሚሾልክበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ በሚኒሞ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ ትንሹ ቀዳዳ ጎልቶ ይታያልና። በተቃራኒው ዳገት ሲወጣ ወይም ጭነት ሲበዛ የሚጨምር ከሆነ፣ ቤንዚኑ በበቂ አይደርስም፤ ይኸውም ፊልትሮው ተደፍኗል፣ ፖምፓው ደክሟል ወይም የቤንዚን መርጫዎቹ ቆሽሸዋል። በአቧራ የቆሸሸ የአየር መለኪያም ይህንኑ ምልክት ያሳያል፤ እርሱም ብዙ ጊዜ በማጽዳት ብቻ ይድናል።

ቀዳዳውን ለማግኘት የጎማ ቱቦዎችንና የአየር ማስገቢያውን መጋጠሚያ በዓይንና በእጅ መፈተሽ፣ ቀጥሎም ጭስ በመንፋት የሚሾልክበትን ማየት ይበጃል። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን እየረጩ መፈለግ ግን እሳት ስለሚያስነሣ ፈጽሞ አይገባም። የቤንዚኑ ግፊትም በመለኪያ ታይቶ ፋብሪካው ከወሰነው ልክ ጋር ይነጻጸራል።

አንድ ጥንቃቄ ይቀራል። ከጭስ መለኪያው በፊት የጭስ መውጫው ቱቦ ከተሰነጠቀ፣ ወይም አንዱ ካንዴላ ካልተኮሰ፣ በጭሱ ውስጥ ያልተቃጠለ አየር ስለሚገኝ ኮምፒዩተሩ ተታሎ ድብልቁ ቀጠነ ይላል። ይህ ሳይጣራ ቤንዚን መጨመር በሽታን በበሽታ መተካት ነው።

ያለ ምርመራ የተሸጠ ፖምፓ «አልሠራም» ተብሎ ሲመለስ የሚጎዳው የመለዋወጫ ነጋዴውም ጭምር ነው። ስለዚህ ባለንብረቱ ሂሳብ ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቅ መልካም ነው፦ በሚኒሞና በ2,500 የተነበበው ቁጥር ስንት ነበር? የቤንዚኑ ግፊትስ ተለክቷል? ከጥገናው በኋላ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ቀርቧል? እነዚህን ለመመለስ የሚችል ጋራዥ ዋጋው ጥቂት ቢበልጥ እንኳ ውድ አይባልም።