ጃፓንኛን በሀገሩ መማር፦ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ተማሪ በሩ የት ነው?

ከጎጃም ወጥቶ በሩቅ ቦታ ቋንቋና ጥበብ መማር አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ቅኔ ፍለጋ ከደብር ደብር ሲዞር ኖሯል፤ የሚቀኝበት ግዕዝም የእናቱ ቋንቋ አልነበረም። ዛሬ 12ኛ ክፍልን አጠናቆ ስለ ጃፓን የሚጠይቅ ወጣት የሚለየው በርቀቱና በሚሰበስባቸው ሰነዶች ብዛት ነው።

ኢትዮጵያውያን ጃፓንን ለመማር መመኘት ከጀመሩም ቆይተዋል። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የሀገሪቱ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ የጃፓኑ የሜጂ ሕገ መንግሥት እንደ ምሳሌ ተወስዷል። በማግሥቱ ዓመት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የልዑካን ቡድን መርተው ወደ ጃፓን ተጓዙ፤ ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተሰኘው መጽሐፋቸው ለአንባቢ አቀረቡ። ከበደ ሚካኤል በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚል መጽሐፍ አሳትመዋል። የሁለቱም መጽሐፎች ጥያቄ ባህሏን ሳትጥል የበለጸገች ሀገር እንዴት ልትኖር ቻለች የሚል ነበር፤ ጥያቄው እስከ ዛሬ አላረጀም።

ቋንቋው ከሩቅ ሲታይ ያስፈራል። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ከብዙ ሌሎች ሰዎች ይልቅ የሚቀርብበት መንገድ አለ። ጃፓንኛ እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ሚዙ ኦ ኖሚማስ» ማለት «ውኃን እጠጣለሁ» ነው፤ «ሚዙ» ውኃ፣ «ኦ» የአማርኛውን «ን» ቦታ የያዘች፣ «ኖሚማስ» መጠጣት። ሂራጋና የሚባለው የመጀመሪያው ጽሕፈት 46 መሠረታዊ ምልክቶች አሉት፤ አብዛኞቹም እንደ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን በአንድ ላይ ያነባሉ። ካታካና የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ የባዕድ ቃላት በብዛት የሚጻፉበት እርሱ ነው። «ገና» ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ እንደሚለወጥ ሁሉ «ኪቴ» ላልቶ ሲነገር «መጥቶ»፣ ጠብቆ ሲነገር ደግሞ «ቴምብር» ይሆናል። «አንተ» እና «እርስዎ» እያለ ያደገ ልጅም ለታላቅ የሚነገረው ግስ የተለየ መሆኑ አይገርመውም።

ጭንቁ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከቻይና የተወረሰው ካንጂ በዕለታዊ ጽሑፍ እንዲያገለግል በወጣው ዝርዝር ብቻ 2,136 ምልክቶች አሉት፤ አንዱ ምልክት ሁለትና ሦስት ዓይነት ንባብ ሊኖረው ይችላል። አናባቢን ማስረዘምም ለእኛ ጆሮ እንግዳ ነው። «ኦባሳን» አክስት ስትሆን «ባ» ከረዘመች አያት ትሆናለች፤ ያልተጠነቀቀ ተማሪ ወጣቷን ጎረቤት ሊያስረጅ ይችላል።

ታዲያ በምን መንገድ ይሄዳል? ዋናው የጃፓን መንግሥት የትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠው፣ ሜክስት በመባል የሚታወቀው ነፃ የትምህርት ዕድል ነው። አዲስ አበባ የሚገኘው የጃፓን ኤምባሲ ጥሪውን ያወጣል፣ ይፈትናል፣ በቃል ይጠይቃል። ለመጀመሪያ ዲግሪ የተመረጠ ተማሪ መጀመሪያ አንድ ዓመት ቋንቋውን ይማራል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው። ትምህርቱም በአብዛኛው በጃፓንኛ ስለሚሰጥ ያ አንድ ዓመት የዋዛ አይደለም። የትምህርት ክፍያና የአውሮፕላን ትኬት ይሸፈናል፤ የወር መተዳደሪያም አለ። አስቀድሞ ጃፓንኛ ማወቅ ግዴታ አይደለም። ሒሳብና እንግሊዝኛ ግን ይፈተናል፤ የሳይንስ ተማሪም በሳይንስ ትምህርቶች ይመዘናል። ለቤተሰብ መታወቅ ያለበት ሐቅ ዕድሉ ጠባብ መሆኑ ነው፤ የሚያመለክተው ብዙ፣ የሚያልፈው ጥቂት ነው።

በዚሁ ዕድል ውስጥ «የጃፓን ጥናት» የሚባል የአንድ ዓመት ዘርፍ አለ። ስሙ ብዙዎችን ያሳስታል። የተዘጋጀው ከጃፓን ውጭ ባለ ዩኒቨርሲቲ ቋንቋውን ወይም ባህሉን እየተማረ ላለ ተማሪ ስለሆነ፣ ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም 12ኛ ክፍልን ጨርሶ የሚነሣ ተማሪ ለዚህ ዘርፍ ማመልከት አይችልም። ዲግሪ ያለው ወጣት ደግሞ በ2005 ዓ.ም. በዮኮሃማ በተካሄደው የጃፓንና የአፍሪካ ጉባኤ ይፋ የተደረገውን ፕሮግራም መመልከት ይችላል፤ ሁለተኛ ዲግሪን በጃፓን ኩባንያዎች ከሚደረግ የሥራ ልምምድ ጋር ያጣምራል። የደቡብ ኮሪያ መንግሥትም ተመሳሳይ ዕድል ይሰጣል፤ እዚያም ተማሪው በአብዛኛው የሚጀምረው በአንድ ዓመት የኮሪያኛ ትምህርት ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻው በራስ ወጪ የሚደረገው ጉዞ ነው። በጃፓን የግል ቋንቋ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ሕጋዊም ናቸው። ሆኖም ተማሪው ቪዛ ከመጠየቁ በፊት የጃፓን ኢሚግሬሽን የሚሰጠው የብቁነት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፤ ለዚህም የሚያመለክትለት በአብዛኛው ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው፤ ገንዘብ ያለው ስፖንሰርም ይጠየቃል። እዚያ ከደረሰም በኋላ በተማሪ ቪዛ ፈቃድ አግኝቶ መሥራት የሚችለው በሳምንት እስከ 28 ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ «እዚያ ሠርቶ ይከፍላል፤ በሬውን ሽጡና ልጁን ልላከው» የሚል ደላላ ሒሳቡን ከእነዚህ 28 ሰዓታት ጋር ያስታርቅ። ለመንግሥት የትምህርት ዕድል የማመልከቻ ክፍያ የለም፤ «ኤምባሲ ውስጥ ሰው አለኝ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅም የሚሸጠው የሌለውን ነው።

በፎገራ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የጃፓን ድጋፍ አለ፤ ካይዘን የተባለው የሥራ አመራር ስልትም በ2004 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የራሱ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለታል። የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ ባለበት አካባቢ በቆሎንና በርበሬን ወደ ፋብሪካ ምርት መለወጥ የሚያውቅ፣ የጃፓንኛ መመሪያ በራሱ አንብቦ የሚረዳ ሰው ትርፉ ለማን እንደሆነ ገበሬው አያጣውም።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ይታከል፤ ወላጆች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት እርሱን ነውና። አትክልት ብቻ የሚመስለው የጃፓን ሾርባ ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ በተቀዳ መረቅ ይሠራል፤ በጾም ዓሣ የማይበላ ተማሪ አስቀድሞ ይጠይቅ። የቡድሃ መነኮሳት ግን ሥጋም ዓሣም የሌለበት የራሳቸው የምግብ ሥርዓት አላቸው፤ ስሙም «ሾጂን ርዮሪ» ይባላል። ሩዙ በየቤቱ አለ፤ በርበሬውን ግን ከቡሬ ይዞ መሄድ ነው።