ጥቅል ጎመን የሚቀለበው የባሕር ጃርት

የባሕር ጃርት ክብ አካሉ በእሾህ የተሸፈነ የባሕር ወለል እንስሳ ነው። የሚበላው ክፍል ቅርፊቱ ውስጥ በአምስት ረድፍ የተደረደረው ቢጫ የመራቢያ አካሉ ሲሆን፣ ጃፓኖች «ኡኒ» ብለው በውድ ዋጋ ይገዙታል። ጃርቱ በአካባቢው ያለውን የባሕር አረም ግጦ ቢጨርስም በቀላሉ አይሞትም፤ ውስጡ ባዶ እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፣ አረሙም እንዳያገግም ያደርጋል። በጃፓን የካናጋዋ ግዛት ተመራማሪዎች እነዚህን ባዶ ጃርቶች ከባሕር ሰብስበው በገንዳ ውስጥ ለገበያ የማይቀርብ ጥቅል ጎመን ቀለቧቸው። ጃርቶቹም በአምስቱ ጥርሶቻቸው ቅጠሉን እየከረከሙ በጥቂት ወራት ውስጥ ሞሉ፤ ጣዕማቸውም ጣፋጭ ሆነ። ባሕሩንም ገበሬውንም የሚጠቅም ግሩም ዘዴ ነው! ጃርቱን ከእንቁላል ተነሥቶ ማርባት ግን ዓመታት ይፈጃል።