ተክል ቫይረስን የሚመክትበትን መንገድ ያገኙት ተመራማሪ

ቫይረስ የገባበትን የድንች ማሳ የሚያድን የሚረጭ መድኃኒት የለም። አርሶ አደሩ የታመመውን ይነቅላል፣ ክሽክሽን ይከላከላል፣ ለከርሞ ንጹህ ዘር ይፈልጋል። ተክሉ ራሱ ከውስጥ እንዴት እንደሚዋጋ ካሳዩት ቀዳሚው እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሳይንቲስት ዴቪድ ባውልኮምብ ናቸው።

በ1952 እ.ኤ.አ. የተወለዱት ባውልኮምብ በሊድስና በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲዎች ተምረው፣ ከ1988 ጀምሮ ኖርዊች በሚገኘው ሴንስበሪ ቤተ ሙከራ ሠርተዋል። እዚያም ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠማቸው። ከቫይረስ የተወሰደ ዘረመል ከተጨመረባቸው ተክሎች ይበልጥ በሽታ የተቋቋሙት የተጨመረው ዘረመል ዝም ያለባቸው ነበሩ።

ምክንያቱ በ1999 ታወቀ። ባውልኮምብና ባልደረባቸው አንድሩ ሃሚልተን በእነዚህ ተክሎች ውስጥ 25 ያህል የዘረመል ፊደላት ብቻ ያሏቸው ጥቃቅን አር ኤን ኤዎችን አገኙ። ጥቃቅኖቹ ከቫይረሱ ቅጂ ጋር ሲገጥሙ ሕዋሱ ቅጂውን ይቆራርጠዋል።

የ2006 የኖቤል ሽልማት በትል ላይ ላጠኑ ሁለት አሜሪካውያን ሲሰጥ እሳቸው አልተካተቱም፤ ብዙዎችን ያነጋገረ ውሳኔ ነበር። በ2010 ግን የዎልፍ የግብርና ሽልማትን ተቀብለዋል።

ለዘር ድንች አምራች የሚጠቅመው ግን ሌላው ግኝታቸው ነው። ቫይረሱም ዝም ብሎ አይሸነፍም። የድንች ዋይ ቫይረስ የተክሉን መከላከያ የሚያሰናክል ፕሮቲን እንዳለው ቡድናቸው በ1998 አሳይቷል። የድንች ኤክስ ቫይረስ ብቻውን ሲሆን ምልክቱ ብዙ ጊዜ ቀላል ስለሆነ ሳይታወቅ በዘር ይተላለፋል፤ ዋይ ሲደረብበት ግን ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ ምርቱም ክፉኛ ይቀንሳል።